ፍጹም ሰው በሱፊዎችና በሥነ ልቦና፦ ነፍስያን ማመን ወይስ መመርመር?

የስብዕና ግንባታ ሥልጠና የተካፈለ ወይም አነቃቂ ቪዲዮ የሚከታተል ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። አሠልጣኙ መጀመሪያ የሥነ ልቦና ሊቁን የማስሎውን የፍላጎቶች ፒራሚድ ያሳያል። ቀጥሎ የሱፊውን ባለቅኔ የሩሚን ጥቅስ ይለጥፋል። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ይቋጥራቸዋል፦ «ሁሉም የሚሉት ያው ነው፤ ውስጥህን አዳምጥ፣ ራስህን ሁን።» በሌላ በኩል ደግሞ ሥነ ልቦና የምዕራባውያን የራስ አምልኮ ነው፣ ቁርኣንና ሐዲስ ላለው ሰው አያስፈልግም የሚል ንግግር ይሰማል። አንዱ ሁሉን ያቀላቅላል። ሌላው ሁሉን ይጥላል።

ሁለቱም የተቻኮሉ ይመስለኛል። የእስልምና ሱፊዎችና ሂዩማኒስቲክ የሚባለው የሥነ ልቦና ዘርፍ በአንድ ትልቅ ነገር ይስማማሉ፦ ሰው አሁን ካለበት እጅግ የላቀ ፍጡር መሆን ይችላል። የሚለያዩት ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ማን ይመራል በሚለው ነው። የሰውየው የራሱ የውስጥ ዝንባሌ ይታመናል? ወይስ ያ ዝንባሌ ራሱ ይመረመራል? ነገሩ ከመጽሐፍ አልፎ፣ ጭንቀት የያዘው ወጣት ምክር ሊጠይቅ ሲመጣ ምን እንደሚባል የሚወስን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሱፊዎቹ ፍጹም ሰው

ተሰዉፍ ወይም ሱፊዝም የእስልምና የውስጥ መንገድ ነው። ሱፊዎች መሠረታቸውን ሲያስረዱ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የጂብሪልን ሐዲስ ነው። በዚያ ሐዲስ መልአኩ ጂብሪል ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ኢስላም፣ ስለ ኢማንና ስለ ኢሕሳን ይጠይቃቸዋል። ኢሕሳን አላህን ልክ እንደምታየው ሆነህ መገዛት ነው፤ አንተ ባታየው እርሱ ያይሃልና። ሱፊዎች የእኛ ሥራ ይህ ሦስተኛው ነው ይላሉ።

«አል-ኢንሳን አል-ካሚል»፣ ፍጹሙ ሰው፣ የሚለውን ሐሳብ በስፋት ያራመዱት ኢብን ዐረቢ ናቸው። በ1165 ዛሬ ስፔን ውስጥ ባለችው ሙርሲያ ተወለዱ፤ በ1240 ደማስቆ ላይ አረፉ። ከእርሳቸው በኋላ ዐብዱልከሪም አል-ጂሊ በዚሁ ርዕስ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል።

የሐሳቡ መነሻ ቁርኣን ነው። በሱረቱል በቀራ አላህ በምድር ላይ ኸሊፋ፣ ማለትም ምትክ፣ እንደሚያደርግ ለመላእክት ይናገራል። ከዚያ አደምን ስሞችን ሁሉ ያስተምረዋል። ኢብን ዐረቢ ይህን ሲያብራሩ እያንዳንዱ ፍጥረት ከአላህ ስሞች አንዳንዶቹን ያሳያል፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ማንጸባረቅ የሚችለው ግን ሰው ነው ይላሉ። ርኅራኄውንም ግርማውንም፣ ዕውቀቱንም ፍትሑንም። ስለዚህ ፍጹሙ ሰው ጠባዩ ያማረ ሰው ብቻ አይደለም። ፍጥረት ፈጣሪውን የሚያውቅበት ስፍራ ነው። ለአል-ጂሊ ይህ ማዕረግ በሙላት የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነው። ሌሎች ነቢያትና ወልዮች የሚደርሱበት ከእርሳቸው በመውረስ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ አለ። ኢብን ዐረቢ ከማዕረጎች ሁሉ የላቀው ዑቡዲያ፣ ማለትም ባሪያነት፣ ነው ይላሉ። ፍጹሙ ሰው ከራሱ የሆነ አንዳች እንደሌለው ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ነው። የሩሚን ጥቅስ «አንተ ታላቅ ነህ» ብሎ የሚለጥፍ ሰው ይህን ክፍል ቆርጦ ጥሎታል።

እኛ አገር ብዙው ሰው ይህን አስተሳሰብ የሚያገኘው በፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም፤ በመንዙማ ነው። በወሎ እነ ጀማ ንጉሥን በመሳሰሉ የዒልም (የዕውቀት) እና የዚክር (አላህን የማውሳት) ማዕከሎች፣ በሐረር፣ በባሌው ድሬ ሸህ ሑሴን፣ ነቢዩ የሚወደሱት መልእክት አድራሽ ሆነው ብቻ አይደለም። የፍጥረት ብርሃን፣ የሰውነት መለኪያ ሆነው ነው። በመውሊድ ሌሊት ድቤ እየተመታ መንዙማው ሲወርድ የሚሰማ ገበሬ የኢብን ዐረቢን ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ሐሳቡን ግን በዜማ ያውቀዋል።

የነፍስያ ሦስት ደረጃዎች

ወደ ፍጹምነት የሚደረገው ጉዞ በነፍስያ በኩል ያልፋል። ነፍስያ ሰው «እኔ» የሚለው፣ የሚመኝ፣ የሚቆጣ፣ የሚኮራ ማንነቱ ነው። ሱፊዎች ከቁርኣን ሦስት ዋና ደረጃዎችን ያወጣሉ። በሱረቱ ዩሱፍ በመጥፎ አጥብቃ የምታዝዘው ነፍስ አለች። በሱረቱል ቂያማ ራሷን የምትወቅሰው አለች። በሱረቱል ፈጅር ደግሞ የረካችው፣ ወደ ጌታዋ ወዳና ተወዳ የምትመለሰው አለች። ኋላ የመጡ ሸሆች ደረጃዎቹን ሰባት አድርሰዋቸዋል። መነሻው ግን አይለወጥም። ሰው ሲጀምር የሚያዳምጠው የውስጥ ድምፅ የመጀመሪያዋ ነፍስ ሊሆን ይችላል። «ውስጥህን አዳምጥ» የሚለው ምክር እዚህ ጋ ችግር ይገጥመዋል። የትኛውን ውስጥ?

ሦስተኛው ኃይል

ሂዩማኒስቲክ ሳይኮሎጂ፣ በአማርኛ ሰብዓዊ ሥነ ልቦና ሊባል የሚችለው፣ አሜሪካ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጎለበተ እንቅስቃሴ ነው። ያን ጊዜ መስኩን የያዙት ሁለት ጎራዎች ነበሩ። አንዱ የፍሮይድ ሥነ ልቦናዊ ትንተና ነው፤ ሰውን የታፈኑ ምኞቶች የሚነዱት ፍጡር አድርጎ ያያል። ሌላው ባሕርያዊነት ነው፤ ሰውን በሽልማትና በቅጣት የሚቀረጽ አድርጎ ያያል። አብርሃም ማስሎው፣ ካርል ሮጀርስና ጓደኞቻቸው ሁለቱንም አልተቀበሉም። ሰው የሚመርጥ፣ ትርጉም የሚፈልግ፣ የሚያድግ ፍጡር ነው አሉ። ለዚህም «ሦስተኛው ኃይል» ተባሉ።

ማስሎው (1908–1970) ታዋቂ ያደረገው ሐሳብ ራስን እውን ማድረግ የሚባለው ነው። ቃሉን ከእርሱ በፊት የተጠቀመበት የጀርመኑ ሐኪም ኩርት ጎልድስታይን ነበር። ማስሎው በ1943 ባወጣው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎቶች በደረጃ አስቀመጠ፦ የሰውነት ፍላጎት፣ ደኅንነት፣ ፍቅርና ወገን ማግኘት፣ ክብር፣ በመጨረሻም መሆን የሚችሉትን ሆኖ መገኘት።

ስለ ፒራሚዱ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ማስሎው ፒራሚድ አልሣለም። ሥዕሉ የመጣው በ1960 ቻርልስ ማክደርሚድ የተባለ የድርጅቶች አማካሪ ለሥራ አመራር አንባቢዎች በጻፈው ጽሑፍ ነው። የማስሎው ሐሳብ ከሥዕሉ የላላ ነበር። አንድ ተራ ሰው በአንድ ጊዜ የሰውነት ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ ክብሩ 40 በመቶ፣ ራስን እውን የማድረግ ፍላጎቱ 10 በመቶ ሊሟላ ይችላል ሲል ለምሳሌ ያህል ጽፏል። አንዱ ሳይሞላ ሌላው አይጀምርም አላለም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጄኔራል ሳይኮሎጂ የወሰደ ተማሪ በአብዛኛው ይዞ የሚወጣው ግን ሥዕሉን ነው።

ሮጀርስ (1902–1987) ከማስሎው ይልቅ ወደ ምክር ክፍሉ የቀረበ ሰው ነው። ጥብቅ ፕሮቴስታንት ቤተሰብ ውስጥ አደገ። ሁለት ዓመት የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ከቆየ በኋላ ወደ ሥነ ልቦና ዞረ። ሊረዳ የመጣውን ሰው «በሽተኛ» ማለት ትቶ «ደንበኛ» አለው። ለእርሱ መልካም ሕይወት የሚደረስበት ቦታ አይደለም፤ የሚኬድበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ስለ ፍጹም ሰው ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ስለሚሠራ ሰው ይናገራል፤ ስሜቱን የማይሸሽ፣ ለአዲስ ነገር ክፍት የሆነ፣ በራሱ ሚዛን የሚተማመን ሰው።

ሸሪኩና ድንቹ

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሁለት ምሳሌዎችን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ነው። አንዱ የኢማም አል-ገዛሊ (1058–1111)፣ ሌላው የሮጀርስ ነው።

ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በሚለው ትልቁ ሥራቸው አንዱን ክፍል ሙሉ ለሙሉ ራስን ለመከታተልና ለመተሳሰብ ሰጥተውታል። ምሳሌው ከገበያ የተወሰደ ነው። ዐቅል ነጋዴ ነው። ነፍስያ ሸሪኩ ናት። ዋናው ገንዘብ ዕድሜ ነው። ነጋዴ ለሸሪኩ ገንዘብ አስረክቦ ዝም አይልም። መጀመሪያ ውል ይዋዋላል፤ ይህ ሙሻረጣ ይባላል። ሰውየው ከሱብሒ ሶላት በኋላ ትንሽ ጊዜ ወስዶ ነፍስያውን ያናግራታል፦ ዛሬ አዲስ ቀን ተሰጥቶኛል፣ ከዕድሜዬ ሌላ ሸቀጥ የለኝም፣ ዓይኔን፣ ምላሴን፣ ሆዴን ጠብቂልኝ። ቀኑን ይከታተላታል፤ ይህ ሙራቀባ ነው። ማታ ሒሳብ ያስመጣታል፤ ይህ ሙሓሰባ ነው። ጉድለት ከተገኘ ዝም አይባልም። ያልተጣራ ነገር የበላ ሆድ በረሃብ ይቀጣል። ያልተገባ ነገር ያየ ዓይን ከማየት ይከለከላል። ሸሪክ ካልተቆጣጠሩት ያጎድላልና።

ሮጀርስ ደግሞ በልጅነቱ ቤታቸው ምድር ቤት የሚቀመጥ የክረምት ድንች ያስታውሳል። ከአንዲት ትንሽ መስኮት ርቆ፣ ጨለማ ውስጥ የተከማቸ ድንች ነው። በዚያም ሆኖ ያቆጠቁጣል። ቡቃያው ነጭና ልፍስፍስ ነው፤ ግን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይሳባል። ሮጀርስ በአእምሮ ሆስፒታሎች የሚያገኛቸውን እጅግ የተጎዱ ሰዎች ሲያይ ይህ ቡቃያ ትዝ ይለው ነበር። ሕይወታቸው የተጣመመው ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ብርሃኑ ስላነሰ ነው። አፈርና ፀሐይ ቢያገኙ ቀና ብለው ይበቅሉ ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ሥራም ይለያያል። ሮጀርስ ክፍል የገባ ሰው «ተስፋ ቆርጫለሁ» ቢል አማካሪው «በርታ» አይለውም፤ አይገሥጸውም። «ብዙ ለፍተህ ምንም ያልተለወጠ መስሎ ታይቶሃል» ብሎ የሰማውን መልሶ ያስረክበዋል። ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ የሌላውን ስሜት ከውስጥ ሆኖ መረዳት፣ ራስ አለመሸፈን፤ እነዚህ ሦስቱ ካሉ ሰውየው መንገዱን ራሱ ያገኘዋል ይላል። ገዛሊ ዘንድ ግን ሰውየው ራሱን ለማታለል እጅግ የተካነ ነው። ሶላቱ ውስጥ ሪያእ፣ ማለትም ለታይታ መሥራት፣ ይገባል። ትሕትናው ውስጥ ኩራት ይደበቃል።

ማነው ትክክል? ሁለቱ የተለያየ ሕመም እያዩ የጻፉ ይመስለኛል። ገዛሊ በ1095 የባግዳዱን ታላቅ የማስተማሪያ ወንበር ትተው ወጥተዋል። ዝናና ሹመት ያልጎደላቸው ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ምላሳቸው ታሰረ፤ ማስተማር አቃታቸው፣ ምግብም አልወርድ አላቸው። ሐኪሞቹ ሕመሙ ከልብ የመነጨ ነው፣ መድኃኒታችን አይደርስበትም ብለው ተዉት። ይህን ራሳቸው ናቸው የጻፉት። የሚያውቁት በሽታ በራስ መርካትና በዕውቀት መመጻደቅ ነበር። ሮጀርስ ያገኛቸው ሰዎች ግን በተቃራኒው ናቸው። «እንዲህ ካልሆንክ አንወድህም» እየተባሉ ያደጉ፣ የራሳቸውን ድምፅ መስማት የረሱ። አንዱ ላበጠ ሰው ይጽፋል፤ ሌላው ለተጨፈለቀ።

በዚህ ላይ ሁለቱን ከምንገምተው በላይ የሚያቀራርቡ ነገሮች አሉ። ገዛሊ ቁጣና ምኞት ከሥራቸው ይነቀሉ አላሉም፤ ይህ የሚቻልም የሚፈለግም አይደለም፣ የሚፈለገው መግራት ነው ብለዋል። ማስሎው በበኩሉ ሰው ወደ ታላቅነት ሲጠራ እንደሚሸሽ አስተውሎ ነገሩን በነቢዩ ዩኑስ ስም ሰይሞታል፤ «የዩኑስ ኮምፕሌክስ»። ከነነዌ የሸሸውን ነቢይ ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባዋል።

ባዶ ሆድና የፍላጎት ደረጃ

ፒራሚዱን የሚያይ ሰው ከሱፊዎች ጋር ወዲያው ይጋጭበታል። ማስሎው ከታች ያስቀመጠው ምግብና እንቅልፍ ነው። ሱፊዎች ጉዞውን የሚጀምሩት ምግብ፣ እንቅልፍና ወሬ በመቀነስ፣ ኸልዋ በመግባትም ነው። ኸልዋ ለተወሰነ ጊዜ ለዚክር ከሰው መገለል ነው። እንግዲህ የተራበ ሰው ወደ ላይ አይወጣም ወይስ የሚወጣው የተራበው ነው?

ግጭቱ ከላይ ሲታይ ያለውን ያህል የከረረ አይደለም። ማስሎው በዚያው በ1943 ጽሑፉ ለዓላማቸው ሲሉ ሁሉን የሚሰጡ ሰዎች እንዳሉ ጠቅሷል። ገዛሊ ደግሞ ስለ አስተዳደር በጻፉበት ቦታ የዲን ሥርዓት ያለ ዱንያ ሥርዓት አይቆምም ይላሉ። ዕውቀትና ዒባዳ የሚገኙት ሰውነት ሲጤን፣ ልብስ፣ መጠለያ፣ ምግብና ሰላም ሲኖር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከግፈኛ ሰይፍ ሲሸሽና ጉርሻ ሲፈልግ የሚውል ሰው ለዕውቀት መቼ ጊዜ ያገኛል? ይህ የተጻፈው ከማስሎው 8 መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

ቁልፉ በፈቃድ መራብና በችግር መራብ አንድ አለመሆናቸው ላይ ነው። የረመዳን ጾመኛ መግሪብ ላይ እንደሚያፈጥር ያውቃል። ቤቱ ዱቄት ያለቀበት አባት እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የለውም። የሁለቱን ረሃብ አንድ የሚያደርግ ንግግር ድሃን «ሶብር አድርግ፣ ይህ ያጠራሃል» ብሎ ይሸኘዋል። ፒራሚዱን ቃል በቃል የሚወስደው ደግሞ ድሃ ስለ ትርጉም ማሰብ አይችልም ወደሚል ንቀት ይወርዳል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ሁለተኛው በተለይ ያሳስበኛል። ሸሆቻችንና ደረሶቻቸው፣ በቆሎ እሸትና ቂጣ በልተው በቅዱስ ዕውቀት የኖሩት፣ ይህን ንቀት በሕይወታቸው አፍርሰውታል።

መጥፋትና መመለስ

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ፈናእ ነው። ፈናእ የ«እኔ» በአላህ ፊት መጥፋት ነው። ከሱ ቀጥሎ በቃእ ይመጣል፤ በአላህ መኖር። ሱፊው አል-ሐላጅ «እኔ ሐቅ ነኝ» በሚለው ንግግሩ ይታወቃል (ሐቅ ከአላህ ስሞች አንዱ ነው)፤ ባግዳድ ውስጥ በ922 ተገደለ። የባግዳዱ ጁነይድ (በ910 ያረፉት) ግን በዚህ ዓይነት መመሰጥ ሰክሮ መቅረት የመንገዱ መጨረሻ አይደለም ብለው ያስተማሩ ናቸው። ለእርሳቸው የላቀው ነቅቶ መመለስ ነው፤ ከሰው ጋር መኖር፣ ሸሪዓን መጠበቅ፣ ገበያ ውስጥ ሆኖ ልብን ከአላህ ጋር ማቆየት።

«ራስህን እውን አድርግ» ከ«ራስህን አጥፋ» ጋር እንዴት ይታረቃል? መልሱን ከሁለቱም ወገን የመጡ ሰዎች ሞክረውታል። ማስሎው በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ራስን እውን ማድረግ ቁንጮ አይደለም ወደ ማለት አዘነበለ። በ1967 ባደረገው ንግግርና በኋለኞቹ ጽሑፎቹ ከራስ ማለፍን ከዚያ በላይ አስቀመጠ። ትራንስፐርሰናል የሚባል፣ ከግለሰቡ «እኔ» በላይ ያለውን የሚያጠና አዲስ ዘርፍ ሲመሠረትም አንዱ ጀማሪ ነበር። በ1970 ሞተ፤ ሐሳቡ ወደ መማሪያ መጻሕፍት ሳይገባ ሥዕሉ ቀደመው። ከናዚ ማጎሪያ የተረፈው የቪየናው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል አቋሙ ከዚህም ይጠነክራል። ራስን እውን ማድረግ ዓላማ ሲሆን ይሸሻል፤ የሚገኘው ለሌላ ሰው ወይም ለአንድ ዓላማ ራሱን የሰጠ ሰው ሳያስበው ነው ይላል።

ከሙስሊሙ ወገን ደግሞ የላሆሩ ባለቅኔ ሙሐመድ ኢቅባል (1877–1938) አሉ። በ1908 ያሳተሙት የዶክትሬት ሥራ ስለ አል-ጂሊም ይዟል። በ1915 በፋርስኛ ባወጡት ግጥም ግን ራስን ማጥፋት የሚለው ትምህርት ሙስሊሙን ሰነፍና ተገዥ አድርጎታል ብለው ተቹ። ጠብታዋ ባሕር ውስጥ ከምትጠፋ ዕንቁ ትሁን የሚል ነው አቋማቸው። በጊዜው ብዙ ሱፊዎችን አስቆጥቷል። ይህን ልብ ማለት ይጠቅማል፤ ክርክሩ የምሥራቅና የምዕራብ ብቻ አይደለም። በእስልምና ውስጥም ነበር፣ አለም።

ሁለቱም ቤት ያለ ትችት

ሱፊው ፍጹም ሰው ከውስጥ ጠንካራ ተቃውሞ ገጥሞታል። የእስልምና ሊቁ ኢብን ተይሚያ (1263–1328) የኢብን ዐረቢን ትምህርት ፈጣሪንና ፍጡርን ያቀላቅላል ብለው አጥብቀው ነቅፈዋል። ተሰዉፍን በሙሉ ግን አልጣሉም፤ የሱፊውን የዐብዱልቃድር ጀይላኒን ሥራ በአክብሮት አብራርተዋል። ዛሬ በአገራችን በሱፊና በሰለፊ ስም የሚደረገው ንትርክ ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ሌላው ትችት የሸህ ሥልጣን ነው። ሙሪዱ፣ ማለትም የመንገዱ ተማሪ፣ ራሱን ለሸሁ አሳልፎ ይሰጣል። ሸሁ እውነተኛ ከሆነ ሙሪዱ ነፍስያውን የሚያይለት ዓይን ያገኛል። ካልሆነ ግን ገንዘቡንም ክብሩንም ሊያጣ ይችላል።

ሥነ ልቦናውም የራሱ ዕዳ አለበት። ማስሎው ራሳቸውን እውን አድርገዋል ያላቸውን ሰዎች፣ እነ ሊንከንን፣ አንስታይንን፣ ኤሊኖር ሩዝቬልትን፣ የመረጠው በራሱ ሚዛን ነው። የሚያደንቀውን ሰው መርጦ የሚደነቀው ሰው ምን ይመስላል ብሎ ጠየቀ። በ1976 ዋህባና ብሪድዌል የተባሉ ተመራማሪዎች እስከዚያ የተሠሩ ጥናቶችን ገምግመው ለደረጃዎቹ ያገኙት ድጋፍ ትንሽ ነበር። በ1982 ደግሞ የዚያው ጎራ ሰው ሮሎ ሜይ ለሮጀርስ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ በሰው ውስጥ ያለውን ክፋት አቅልለህ ታያለህ አለው። ይህ ገዛሊ ቢጠየቁ ይሉት ከነበረው ብዙ አይርቅም።

ቅልቅሉ የት ይጎዳል፣ ድልድዩስ?

የሱዳኑ ሥነ ልቦና ሊቅ ማሊክ በድሪ (1932–2021) በ1979 ባሳተሙት ሥራ ሙስሊም ሥነ ልቦና ባለሙያዎች የምዕራቡን ንድፈ ሐሳብ ሳይመረምሩ መቅዳታቸውን ነቅፈዋል። ትምህርቱን ግን አልጣሉም፤ እስከ መጨረሻው ሠርተውበታል። ከ9ኛውና 10ኛው ክፍለ ዘመን የአቡ ዘይድ አል-በልኺን ስለ ነፍስ ጤና የተጻፈ ሥራም በ2013 በእንግሊዝኛ አቅርበዋል። አል-በልኺ ሐዘንን፣ ፍርሃትንና የሚመላለስ ክፉ ሐሳብን፣ እኛ ወስዋስ የምንለውን፣ ለያይተው ለእያንዳንዱ የተለየ አያያዝ አስቀምጠው ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ሮበርት ፍሬገር ትራንስፐርሰናል ሥነ ልቦናን የሚያስተምር ተቋም በ1975 መሥርተዋል፤ በኋላም ጀራሒ የሚባለው የሱፊ ጦሪቃ (መንገድ) ሸህ ሆነዋል። ድልድዩ ይቻላል ማለት ነው። የሚሠራው ግን ሁለቱንም ዳር በሚያውቅ ሰው ነው።

በስላይድ ላይ የሚደረገው ቅልቅል ግን ሁለት ዓይነት ሰው ይጎዳል። አንዱ በራሱ የተሞላው ነው። ሩሚን ጠርቶ «ስሜትህን ተከተል» ሲባል ምኞቱ የዲን ልብስ ይለብስለታል። የሸሆቹን ሙሓሰባ ማንም አልነገረውም። ሌላዋ ራሷን የምትጠላዋ ናት። እንቅልፍ ካጣች ወራት የሆናት፣ አላህ ሶላቷን አልተቀበለም ብላ ውዱእ እየደጋገመች የምታድር ልጅ እንበል። «ነፍስያሽን ቅጪ፣ ስሕተትሽን ቁጠሪ» ብትባል ወስዋሱን ታግላ የምትወጣበት ሳይሆን የምትሰጥምበት ይሆናል። ለእሷ የሮጀርስ ክፍል፣ ብሎም ሐኪም፣ ይቀድማል። «ጂን ነው» ብሎ መዝጋትም «ኢማንሽ ደክሟል» ብሎ መውቀስም ያባብሳል።

በዚህ ላይ ገዛሊ አስቀድመው የጻፉት አለ። ሐኪም በሽተኞችን ሁሉ በአንድ መድኃኒት ቢያክም አብዛኞቹን ይገድላል፤ ሸህም ሙሪዶቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ልምምድ ቢነዳቸው ልባቸውን ይገድላል። የእያንዳንዱን ሕመም፣ ሁኔታ፣ ዕድሜና ጠባይ፣ ልምምዱን የመሸከም አቅሙንም ማየት አለበት ይላሉ። እኛ ዘንድ የስብዕና አሠልጣኙም፣ በመስጊድና በሐድራ (በዚክር ስብሰባ) ምክር የሚሰጠውም፣ በዩኒቨርሲቲ የተማረው አማካሪም ሊጠየቁ የሚገባው ይህ ነው፦ ፊትህ የተቀመጠው ሰው የትኛው ነው? ይህን ለመለየት ሸሁ ወደ ሐኪም መላክን፣ ሐኪሙም የደንበኛውን ዲን እንደ ሕመም ምልክት አለመቁጠርን መልመድ ይኖርባቸዋል።